ምስጋናና እውነት በትምህርት ቤት ጉባኤ

በሰኔ ወር፣ ክረምቱ ጠንክሮ መንገዱን ከመዝጋቱ በፊት፣ በላስታ ደጋ የሚገኙ ትምህርት ቤቶች የዓመቱን ሥራ በበዓል ይዘጋሉ። ቀኑ የወላጆች ቀን ይባላል። ወላጆች ከየጎጡ ተጠርተው ይመጣሉ፤ ሽማግሌዎች በድንጋዩ መደብ ላይ፣ እናቶች በሣሩ ላይ ይቀመጣሉ። ተማሪዎች መዝሙርና ጭውውት ያቀርባሉ፤ ርእሰ መምህሩ የዓመቱን ሪፖርት ያነባል፤ ከየክፍሉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ስማቸው እየተጠራ ደብተርና እስክሪብቶ ይቀበላሉ። ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ። በመጨረሻም ዳቦው ይቆረሳል፤ ጠላው ይቀዳል።

ከጦርነቱ በፊት በነበረ በአንድ ዓመት፣ እንዲህ ባለ በዓል ላይ ተገኝተን ነበር። የትምህርት ቤቱን ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ የተመለከትነው ነገር በብዙ ቦታ ሊሆን የሚችል ነውና። ሪፖርቱ ተነቦ፣ ሽልማቱ ተሰጥቶ፣ ሰብሳቢው «አስተያየት ያለው ካለ» ብለው ሲጠይቁ፣ ጥቂት አባቶች ተነሥተው አመሰገኑ፤ መረቁ። ከኋላ በኩል ነጠላቸውን አጣፍተው የተቀመጡ አንዲት እናት ግን እጃቸውን አወጡ። «መምህር፣ እግዜር ይስጥልን» አሉ፤ «የእኔ ልጅ መስከረም ላይ ተመዝግቦ ነበር። ጥር ላይ ቀረ፤ ለሰው ከብት ሊጠብቅ ሄደ። ዛሬ ስም ሲጠራ ቁጭ ብዬ አዳመጥሁ። በተሸላሚም አልጠራችሁት፤ በቀሪም አልጠራችሁት። ለመሆኑ እዚህ ቤት ልጅ ነበረኝ?»

ጭብጨባው የቆመው በዚያ ጊዜ ነበር። እኛም ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህ ጥያቄ ከልባችን አልወጣም። አንድ ማኅበረሰብ የልጆቹን ውጤት በአደባባይ ሲያመሰግን ምን ማድረጉ ነው? ምስጋናው ለማን ነው? ያልተነገረውስ ነገር የምስጋናውን እውነትነት ይነካዋልን? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ይህን ነው።

ምስጋና ምስክርነት ነው

ብዙ ሰዎች ምስጋናን እንደ ስጦታ ያዩታል። ስጦታ ደግሞ የሰጪው ነውና የፈለገ ለፈለገው ቢሰጥ ማንም አይከሰውም። ነገሩን ጠለቅ ብለን ስናየው ግን ምስጋና ከስጦታ ይልቅ ለምስክርነት የቀረበ ሆኖ እናገኘዋለን። «ይህ ልጅ ጎበዝ ነው» ብሎ በሕዝብ ፊት የሚናገር ሰው ስለ አንድ ነገር ይመሰክራል፤ ሰሚውም ቃሉን አምኖ ይቀበላል፤ ባመነው ቃል መሠረትም የልጁን የወደፊት ኑሮ ይወስናል። አባት በሬውን ሸጦ ልጁን ከተማ የሚያስተምረው «ጎበዝ ነው» የሚለውን ምስክርነት አምኖ ነው። እንግዲህ ምስክርነት ከሆነ፣ ምስጋናም በምስክር ላይ የሚጣለው ግዴታ ይጣልበታል ማለት ነው፤ እርሱም እውነትን መናገር፣ ደግሞም መነገር የሚገባውን እውነት አለመደበቅ ነው።

በዚህ ረገድ በትምህርት ቤቶቻችን የተለመደው የደረጃ አሰጣጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «አንደኛ ወጣ» ማለት ከክፍል ጓደኞቹ በለጠ ማለት ነው እንጂ የሚገባውን ያህል ዐወቀ ማለት አይደለም። ማንም በደኅና በማያነብበት ክፍል ውስጥም አንደኛ የሚወጣ አለ። በአንጻሩ በዓመቱ መጀመሪያ አንዲት ፊደል የማይለይ፣ በዓመቱ መጨረሻ ግን እየተንተባተበም ቢሆን አንድ ገጽ የሚያነብ ሕፃን ከክፍሉ ሃምሳኛ ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ የቱ የበለጠ መንገድ ተጓዘ? ደረጃው ይህን አይነግረንም። ደረጃ የሚለካው በጎረቤት ነው፤ ዕውቀት ግን በራሱ ሚዛን ይመዘናል።

ጉዳዩ የግምት ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች በሚገኙ 13 ሺህ ያህል የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የንባብ ምዘና ተካሂዶ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ሕፃናት ብዙዎቹ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ያን ጊዜ ታየ። እነዚህ ሕፃናት በዚያው ሰኔ ወደ ሦስተኛ ክፍል ተዛውረዋል ተብሎ ለወላጆቻቸው ተነግሯል። ሰርተፍኬቱ «ተዛውሯል» ሲል ሐሰት አልጻፈም፤ ሆኖም ማንበብ የማይችለው ወላጅ ከዚያ ቃል የተረዳው «ልጄ ተምሯል» የሚለውን ነበር። እውነተኛ ቃል የተሳሳተ እምነት ሊያሳድር እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ከአበው ጉባኤ የምንማረው

ትምህርትን በአደባባይ መመዘንና ማክበር ለላስታ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከመምጣቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በዚህ ደጋ ሕፃናት በየኔታ እግር ሥር ተቀምጠው ፊደል ቆጥረዋል፤ ዳዊት ደግመዋል። የአንድ ልጅ ዳዊት መድገም ትልቅ የቤተ ሰብ በዓል ነበር፤ ወላጆች ድግስ አዘጋጅተው መምህሩንና ጎረቤቱን ይጠሩ ነበር። በዚህ በዓል ውስጥ ያለውን ቁም ነገር እናስተውል። ድግሱ የተደገሰው ልጁ ከሌሎች ልጆች ስለ በለጠ አልነበረም፤ መቶ ሃምሳውን መዝሙር አንብቦ ስለ ጨረሰ ነው። የእርሱ መጨረስ የሌላውን መጨረስ አያስቀርም። ዘንድሮ የአንዱ፣ ለከርሞ የሌላው ዳዊት ይደገሳል።

የቅኔ ቤቱ ሥርዓት ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሙ የሚነሣው የዋድላ የቅኔ ጉባኤ የላስታ ጎረቤት ነው። ተማሪው ብቻውን ገለል ብሎ ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል፤ ኋላም በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ሰዋስው የተሰበረበትን፣ ምሥጢሩ የሳተበትን ባልንጀሮቹ እየሰሙ ያቀናለታል። ቅኔው ሲያምር «ይበል!» ይባላል። «ይበል» ክብር የሚኖረው ትናንት ለተሰበረው ቅኔ ስላልተባለ ነው። መምህሩ ለሁሉም ነገር «ይበል» የሚሉ ቢሆን ኖሮ ቃሉ ባዶ በሆነ ነበር። ተማሪውም በእርማቱ አይዋረድም፤ ምክንያቱም መምህሩ የሚያቀናው ሊያደርሰው ስለሚፈልግ መሆኑን ያውቃል።

ይህን ስንል የድሮው ሁሉ መልካም ነበር ማለታችን አይደለም። የቆሎ ተማሪ በረሃብና በብርድ፣ በአርጩሜም ብዙ ተሠቃይቷል፤ ሴቶች ልጆችም ከዚያ ጉባኤ ባመዛኙ ውጭ ነበሩ። እኛ ልንወስደው የሚገባን መሠረታዊውን ሐሳብ ነው፤ ምስጋና ከምርመራ በኋላ ይመጣል፤ ምርመራም በፍቅር ይደረጋል።

ቁጥሩ ሲገለጥ

ለብዙ ዓመታት በአገራችን የትምህርት ቤት በዓላት ምስጋናው በዝቶ ምርመራው አንሶ ኖሯል። ይህም ምን ያህል እንዳስከፈለን በ2015 ዓ.ም. በግልጽ ታየ። ፈተና ከመሰረቁ የተነሣ ነገሩ ከመበላሸቱ ብዛት፣ በግንቦት 2008 ዓ.ም. አገር አቀፍ ፈተና እስከ መሰረዝ ተደርሶ ነበር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ግን ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው እንዲፈተኑ ተደረገ። ውጤቱ በጥር 2015 ዓ.ም. ሲገለጥ፣ ከተፈተኑት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ እንኳ አልሞሉም፤ በመቶኛ 3.3 ነበሩ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በተከታዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ በኋላ 5.4፣ በ2017ቱ ፈተና ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ።

ለዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው። ወረርሽኙ ትምህርት ቤት ዘግቷል፤ ጦርነቱ አገር አናግቷል፤ የመጻሕፍትና የመምህራን እጥረት አለ። ሆኖም አንድ ነገር መካድ አይቻልም። አንድም ተማሪ ካላሳለፉት ከእነዚያ ከ1,161 ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ በየዓመቱ ሰኔ በዓል ሲያደርጉ፣ ሪፖርት ሲያነቡ፣ ሲሸልሙና ሲጨበጨብላቸው የኖሩ ናቸው። ተማሪዎቹ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ ሁለት ጊዜ «አልፈሃል»፣ «አልፈሻል» ተብለው ነበር። እውነቱን የሰሙት በአሥራ ሦስተኛው ነው፤ ያን ጊዜም ለማቅናት ጊዜው አልፎ ነበር። በእኛ አስተያየት የበደሉ ክፋት በመውደቃቸው ላይ ሳይሆን በመዘግየቱ ላይ ነው። ሦስተኛ ክፍል ሳለ ቢነገረው ኖሮ ሊታረም ይችል የነበረውን ጉድለት በጭብጨባ ሸፍነን ለሃያ ዓመት ወጣት አወረስነው።

የላስታ ልጆች ሸክም ደግሞ ድርብ ነው። ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ላሊበላና አካባቢዋ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ፣ በሰሜን ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፤ ፈርሰዋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭትም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ዘመን በመማሪያ ክፍል የተገኘውን ልጅ ብቻ ቆጥሮ «ይህን ያህል በመቶ አሳለፍን» ማለት ምን ትርጉም አለው? የመቶኛው መነሻ መስከረም ላይ የተመዘገበው ነው ወይስ ሰኔ ላይ የተገኘው? ጥያቄው የሒሳብ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን የሕሊና ጥያቄ ነው። መነሻውን ከሰኔ ያደረገ ሰው የቀሩትን ልጆች እንዳልተወለዱ ቆጥሯቸዋል። ያቺ እናት «ለመሆኑ እዚህ ቤት ልጅ ነበረኝ?» ያሉት ይህን ነበር።

በዚህ ነገር የላስታ ሰው ብቻውን አይደለም። በኢጣልያ አገር በቶስካና ተራሮች ውስጥ ባርቢያና የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ዶን ሎሬንሶ ሚላኒ የተባሉ ካህን እ.ኤ.አ. በ1954 ወደዚያች መንደር ተልከው የገበሬ ልጆችን ማስተማር ጀመሩ። ተማሪዎቻቸው እ.ኤ.አ. በ1967 «ደብዳቤ ለአንዲት መምህርት» የተሰኘ መጽሐፍ በኅብረት ጻፉ። መጽሐፉ የአገሩን ትምህርት ቤት የከሰሰው በስድብ ሳይሆን በቁጥር ነበር። የተራራዎቹ ልጆች ከየክፍሉ የጠፉትን ቆጠሩ፤ የጠፉት የማን ልጆች እንደሆኑም ጠየቁ። መልሱ የገበሬውና የሠራተኛው ልጆች መሆናቸውን አሳየ። የአንድ ትምህርት ቤት ዋጋ በቀሩለት ብቻ ሳይሆን ባጣቸውም ልጆች እንደሚመዘን ከእነርሱ እንማራለን።

ተቃውሞውን እንስማ

አሁን ከተናገርነው ጋር የማይስማሙ ሰዎች አሉ፤ ሐሳባቸውም ሊናቅ አይገባውም። አንደኛው ተቃውሞ እንዲህ የሚል ነው፦ «ይህ ሕዝብ ረሃብ አይቷል፤ ጦርነት አይቷል። በዓመት አንድ ቀን ቢደሰት ምን አለበት? በበዓል ቀን ስለ ጉድለት ማውራት ጭካኔ ነው።» በዚህ አባባል ውስጥ እውነት አለ። ደስታ ለሰው ልጅ እንደ እንጀራ ያስፈልገዋል። ሌሊት በኩራዝ እያነበበች፣ ጧት ውኃ ቀድታ፣ ዳገት ወጥታ ትምህርት ቤት የምትደርስ ልጅ ሽልማቷን ስትቀበል እልል ሊባልላት ይገባል። ሽልማቱ ይቅር የሚል ሐሳብ ከእኛ አልወጣም። ነገር ግን ከመካከላችን አንዲት እናት ዝም እንድትል የሚጠይቅ ደስታ የሁላችን ደስታ አይደለም። በሠርግ ቤት እንኳ የሞተ ዘመድ ስሙ ይነሣል፤ ስለ ተነሣም ሠርጉ አይበላሽም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመምህራን በኩል የሚመጣ ነው። «ጉድለቱ ቢነገር ጥፋቱ በእኛ ላይ ይወድቃል» ይላሉ። ፍርሃታቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ከበላይ የሚጠየቀው ሪፖርት ጥሩ ቁጥር የሚፈልግ ሲሆን፣ እውነተኛውን ቁጥር የጻፈ ርእሰ መምህር ሰነፍ ተብሎ ይገመገማል፤ ያሳመረው ጎረቤቱ ይመሰገናል። እንግዲህ የእውነትን ዋጋ የሚከፍለው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ እርሱን ደፋር ሁን ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። ስለዚህ እውነት የመናገር ግዴታ የርእሰ መምህሩ ብቻ ሳይሆን የጉባኤው ጭምር መሆን አለበት። ቀበሌው፣ ቦርዱና ወላጆች እውነቱን አብረው ሰምተው፣ አብረው ፈርመው፣ አብረው ሊቆሙለት ይገባል። እውነት የተናገረን መምህር ብቻውን የተወ ጉባኤ በሚመጣው ዓመት እውነት ቢነፈገው ማንን ይወቅሳል?

ሦስተኛው ተቃውሞ የሕፃናቱን ክብር የሚመለከት ነው። «የደከመውን ልጅ በአደባባይ ማሳወቅ ማሳፈር አይደለምን?» ይባላል። አዎን፣ ማሳፈር ነው፤ ሊደረግም አይገባውም። ስለዚህ ልዩነቱን ለይተን ማወቅ አለብን። የቁጥሩ እውነት የሕዝብ ነው፤ የአንዱ ልጅ ድካም ግን የልጁ፣ የወላጁና የመምህሩ ነው። «በሦስተኛ ክፍል ካሉት ልጆቻችን ይህን ያህሉ ገና አያነቡም» ብሎ መናገር ማንንም አያዋርድም። ኀፍረት ካለም በሕፃኑ ላይ ሳይሆን በእኛ በታላላቆቹ ላይ ይውደቅ።

ጉባኤው ምን ሊሆን ይገባዋል?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት ቤቶች ከኅብረተሰቡ፣ ከመምህራንና ከተማሪዎች በተውጣጡ ቦርዶችና ኮሚቴዎች እንዲመሩ ወስኖ ነበር። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያም ለቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ፣ ለወላጆችና መምህራን ኅብረትም ሥራቸውን ለይቶ ሰጥቷል። እነዚህ አካላት በብዙ ቦታ የሚታወቁት ገንዘብና ጉልበት ሲዋጣ ነው። አጥር ሲታጠር፣ ክፍል ሲሠራ፣ እንጨትና ድንጋይ ሲቀርብ ወላጅ ይጠራል። የተጠራው ወላጅ ድንጋይ የመሸከም መብት ካለው፣ በዚያ ድንጋይ በተሠራው ክፍል ውስጥ ልጁ ምን እንደ ተማረ የማወቅ መብት እንዴት አይኖረውም?

ስለዚህ የሰኔው ጉባኤ ሥርዓቱን ጥቂት ቢያሻሽል እንወዳለን። በመጀመሪያ፣ ከሽልማቱ በፊት ሦስት ቁጥሮች ይነገሩ፤ መስከረም ላይ ስንት ልጆች ተመዘገቡ፣ ሰኔ ላይ ስንቱ ተገኙ፣ ከተገኙት ስንቱ በክፍላቸው ልክ ያነባሉ። ሁለተኛ፣ የትምህርት ቤቱ ገቢና ወጪ ማንም በሚገባው ቃል ይነበብ። ሦስተኛ፣ ሽልማቱ ለቀደሙት ብቻ ሳይሆን ብዙ መንገድ ለተጓዙትም ይሁን፤ ተመልሶ የመጣ ልጅ፣ ከአምና ይልቅ ዘንድሮ የተሻለች ልጅ፣ በችግር ዓመት ክፍሉን ያልዘጋ መምህር፣ ግቢውን የጠበቀ ዘበኛ ስማቸው ይጠራ። አራተኛ፣ ሰብሳቢው አስተያየት ሲጠይቅ ከኋላ ከተቀመጡት ይጀምር። የፊተኞቹ ለማመስገን አይቸገሩም፤ ጥያቄው ያለው ብዙ ጊዜ ከኋላ ነው።

ከእነዚህ አንዱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ምስጋናን ከእውነት ጋር ለማስታረቅ መፍቀድን ነው። ያን ጊዜ ጭብጨባው የሚቀንስ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ጉድለቱን ዐውቆ የሚያጨበጭብ ሕዝብ ጭብጨባው ክብደት አለው፤ ልጁም የተቀበለው ደብተር እውነተኛ ምስክር ይሆንለታል።

የጀመርነውን ታሪክ እንፈጽም። ያቺ እናት ተናግረው ሲቀመጡ ርእሰ መምህሩ ለጥቂት ጊዜ አንገታቸውን ደፍተው ቆዩ። ከዚያ «ልክ ነዎት፣ እናቴ» አሉና ወደ ቢሮ ገብተው የመስከረሙን መዝገብ ይዘው ወጡ። ስሞቹን ከነአባታቸው አንድ በአንድ አነበቡ። አንዳንዱ ስም ሲጠራ ከሕዝቡ መካከል «ከተማ ሄዷል»፣ «እረኛ ሆኗል»፣ «ታማለች»፣ «ተድራለች» የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። ከተመዘገቡት ከሩብ የማያንሱት አልነበሩም። ንባቡ ሲያበቃ ማንም አላጨበጨበም። ነገር ግን ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነሥተው ስሞቹ በየጎጡ እንዲከፈሉና ለየጎጡ ሁለት ሁለት ሰው እንዲመደብ፣ የተመደቡትም ክረምቱን ከወላጆቹ ጋር እንዲነጋገሩ ሐሳብ አቀረቡ። ዳቦው የተቆረሰው ስሞቹ ተከፋፍለው ካለቁ በኋላ ነበር።

በብዙ የትምህርት ቤት በዓላት ላይ ተገኝተናል፤ ብዙ ንግግርም ሰምተናል። ከሁሉ ይልቅ ያ ጭብጨባ ያልነበረበት የስም ጥሪ ለልጆች የተሰጠ ታላቅ ክብር ሆኖ ይታየናል። ስሙ የተጠራ ልጅ ቢርቅም አልጠፋምና።